ያለ ዱላ የተሰጠ ቃል

ዋና ሳጅን ተካ አንጀቱ አርሯል። አሥር ዓመት ሙሉ ምልምል ፖሊስ ያሠለጠነበትን ቦታ ትናንት የመጣች ኢንስፔክተር ፀደንያ ወሰደችበት። "ዘመኑ ተቀይሯል። ተጠርጣሪ አይመታም፤ አስቀምጡት፣ ውሃ ስጡት፣ አዳምጡት" ትላለች።

"ውሃ ስጡት? ሠርግ ነው እንዴ!" ይላል ተካ።

ዛሬ ሚዛን ከተማ፣ እንግዶች በተሰበሰቡበት የማሠልጠኛው አዳራሽ፣ የምርመራ ልምምድ አለ። ተጠርጣሪ ሆኖ የሚቀመጥ ሰው ሲፈለግ ተካ ቀድሞ እጁን አወጣ። ነገሩን ዶልቶ ጨርሷል፤ ያልሠራውን ወንጀል ይናዘዛል፣ ይፈርማል፣ ለፀደንያ ተጨብጭቦላት ሲያበቃ ተነስቶ "ውሸት ነው!" ይላል። ያኔ ማን እንደሚዋረድ ይታያል።

ጠያቂዋ ቤተልሔም የምትባል ምልምል ናት፤ ዝምተኛ የቴፒ ልጅ። ውሃ ቀዳችለት።

"ይጠጡና ሲመችዎ ይንገሩኝ።"

ተካ ሳቁን ዋጠ። ነገር ግን ባዶ ውሸት ቶሎ እንደሚነቃበት እሱ መርማሪው ያውቃል፤ ስለዚህ ከእውነት ተበደረ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ቴፒ ዙሪያ ካለ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ፣ ሰርቀሃል ብሎ ሲገርፈው እጁ ላይ የሞተበት ሲላስ የሚባል ዘበኛ ነበር። መዝገቡ "አምልጦ ጠፋ" ይላል። ተካ ስሙን ብቻ ለውጦ ናስር አለው። የሞተ አይናገር፣ ማን ያውቃል?

"ግራ እግሩን ያነክስ ነበር" አለ እያጣፈጠ። "ውሃ፣ ውሃ እያለ ለመነኝ።"

"ሰጡት?"

"ኧረ ወዲያ!"

"ሬሳውስ?"

"ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ከዋንዛው ሥር ቀበርኩት።"

ብዕሯ ቆመ። ልጅቷ ደነገጠችለት፤ ተካም ደስ አለው።

ቃሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበችለት። በየገጹ ፈረመ። ጭብጨባው ቀለጠ፣ የፀደንያ ፊት በራ። ይኼኔ ተካ ብድግ አለ።

"ጎበዝ፣ አንዲት እውነት የለበትም! የዘመኑ ሥልጠና ይኸውላችሁ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ፀደንያ አንገቷን ደፋች። እሰይ፣ ተካ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ!

ያልሳቀችው ቤተልሔም ብቻ ነበረች። ከፊርማው ሥር ሙሉ ስሟን ጽፋ ወረቀቱን ወደ እሱ አዞረችው።

"ቃሉን የተቀበለችው፦ ምልምል ፖሊስ ቤተልሔም ሲላስ" ይላል።