አረካ አሥራ አራት፣ ቦምቤ ዘጠኝ፣ ዲምቱ ሰባት

አቶ ባዳቾ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ሲቀራቸው ምስጢር ሾልኮ ወጣ።

ሶዶ ውስጥ የአንድ የጸጥታ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። በሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት ወረቀት አልጠፋችባቸውም። የምስጢር ቁም ሣጥኑ ቁልፍ አንገታቸው ላይ ነው፤ ሲታጠቡም አያወልቁትም። በር ቆልፈው ከሄዱ በኋላ ከመንገድ ተመልሰው መቆለፉን ያያሉ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ማለት ይወዳሉ። ባጃጅ ሲሳፈሩ እንኳ የሚሄዱበትን በጣታቸው ነው የሚያሳዩት።

ዓርብ ዕለት «ጥብቅ ምስጢር» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ እንዲያስቀምጡ ተሰጣቸው። ሐሙስ ትልቅ እንግዳ ሶዶ ስለሚገባ የጥበቃ ኃይል ይሸጋሸጋል ይላል፤ ከአረካ አሥራ አራት፣ ከቦምቤ ዘጠኝ፣ ከዲምቱ ሰባት ፖሊስ። ለከተሞቹ የሚነገራቸው ረቡዕ ማታ ነው።

አቶ ባዳቾን ላብ አጠመቃቸው። ልጃቸው ማክዳ አረካ ላይ የጨርቅ ሱቅ አላት። «ሐሙስ ሱቅሽን እንዳትከፍቺ» ሊሏት ስልክ አነሡና መልሰው አስቀመጡት። ምስጢር ምስጢር ነው። ለባለቤታቸው ለትርፌም ትንፍሽ አላሉም።

ሰኞ ቢሮ ሲገቡ ድምፃቸው ሰልሎ ነበር። የኮምፒውተር ጸሐፊዋ ሶፊ ዝንጅብል የተጨመረበት ሻይ አመጣችላቸው።

«ይጠጡ ጋሼ፤ ብርድ ነው የመታዎት።»

ማክሰኞ «የዳሞታ ነፋስ» የተባለችው ሳምንታዊ ጋዜጣ በፊት ገጿ «ሐሙስ ሦስት ከተሞች ያለ እረኛ ይቀራሉ» ብላ ወጣች። የፖሊሶቹ ቁጥር አንድም አልተዛነፈም። የጎደለው የደብዳቤው ቁጥርና ቀን ብቻ ነው። አቶ ባዳቾ ቁም ሣጥኑን ሦስት ጊዜ ከፍተው አዩ። ደብዳቤው ከቦታው አልተነቃነቀም።

ሐሙስ እንግዳው መጥቶ ሄደ። ዓርብ ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ይድነቃቸው የጋዜጣዋን አዘጋጅ ሚልክያስን አስጠሩት። አቶ ባዳቾም ገብተው ጥግ ላይ ተቀመጡ።

«ማን ነገረህ?» አሉ ኃላፊው።

«ምንጬን አልናገርም። ሕግ ከለላ ሰጥቶኛል።»

«ሚካኤልን! ሌባውን ሁሉ ‹ሐሙስ ና፣ ጠባቂ የለም› ብለህ በጋዜጣ ጠራኸው እኮ!»

«የአረካንም ሕዝብ ‹ዕቃህን ጠብቅ› አልኩት። ዱላውን ይዞ ሲጠብቅ ዋለ። አንዲት ዶሮ ጠፋች?»

«ዲምቱ ፍየል ጠፍታለች!»

«እሷማ የጠፋችው ሰኞ ነው፤ ሰባቱም ፖሊሶች እያሉ።»

አቶ ባዳቾ ሳቃቸው መጣባቸውና በሳል አሳበቡ።

«እንግዳው ላይ አደጋ ቢደርስስ?» አሉ ኃላፊው ጠረጴዛውን መትተው። «ያኔም ‹ሕዝብ የማወቅ መብት አለው› ልትለኝ ነው?»

«እንግዳው የሚያልፍበትን መንገድ አልሰማሁም፤ ብሰማም አልጽፈውም ነበር። የከተማ ሰው ግን ጠባቂ እንደሌለው ከሌባ አፍ መስማት የለበትም።»

ኃላፊው ወደ ሽማግሌው ዞሩ።

«እስከ ረቡዕ ድረስ ደብዳቤውን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን። የፈረምኩት እኔ፣ የጻፈችው ሶፊ፣ የቆለፉበት እርስዎ። እኔ አይደለሁም። የሶፊ እጮኛ ማን ነው?»

«ቤኒ» አሉ አቶ ባዳቾ በሰለለ ድምፅ። ቤኒ የዚያችው ጋዜጣ ዘጋቢ ነው።

«ስለዚህ ወይ እሷ ናት ወይ እርስዎ። ‹ሶፊን እጠረጥራለሁ› ብለው ይፈርሙ፤ አለዚያ ጡረታዎን ይርሱትና ፍርድ ቤት እንገናኝ።»

ቃላቸውን በእጃቸው እንዲጽፉ ወረቀት ተሰጣቸው፤ መሥሪያ ቤቱ ከሶፊ ሌላ ጸሐፊ የለውም።

አቶ ባዳቾ እስክሪብቶውን አንሥተው አሰቡ። ሶፊ ደግ ልጅ ናት። ግን ስልኳ ከእጇ አይለይም፤ ቤኒም ምሳ ሰዓት ከበሩ አይጠፋም። ደግሞ ያ «ያለ እረኛ» የሚለው ነገር ደብዳቤው ላይ የለም፤ ግጥም የሚሞክር የቤኒ ዓይነቱ ሰው ካልሆነ ማን እንዲህ ይላል? እሳቸው እንደሆኑ ከሰው ወገን ለማንም አልተናገሩም። እግዚአብሔር ምስክራቸው ነው።

ጻፉ። ለመፈረም ሲያጎነብሱ የኃላፊው ስልክ ጮኸ። ኃላፊው «መጣሁ» ብለው ወደ ኮሪደሩ ወጡ።

ሚልክያስ ብድግ ብሎ የሽማግሌውን እጅ ያዘ።

«አይፈርሙ ጋሼ። እሷ አይደለችም።»

«ታዲያ ማን ነው? በልጆቼ ይሁንብህ፣ ንገረኝና ልዳን!»

ሚልክያስ በሩን ገልመጥ አድርጎ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለ።

«እሑድ ቸርች ውስጥ በጸሎት ሰዓት አጠገብዎ የተንበረከክሁት እኔ ነበርኩ፤ ጌታ እኮ ጋሼ፣ ቀስ ብለው ቢነግሩትም ይሰማል።»