አርባኛው መጽሐፍ

እማማ አጸደ ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ከዋሉ ወዲህ፣ ዓመቱ ሳያልቅ አርባ የወንጀል ልቦለድ ሊጨርሱ ለራሳቸው ቃል ገብተዋል። ከመጽሐፍ አከራዩ መርጣ የምታመጣላቸው ምራታቸው ትርንጎ ናት። ምን ያደርጋል፣ አንድ የማያውቁት ተከራይ ቀድሞ እያነበበ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ገዳዩ ወንድሟ ነው»፣ «ገዳዩ ሐኪሙ ነው» እያለ በእርሳስ ይጽፋል። ሠላሳ ዘጠኙንም እንዲሁ አበላሸባቸው።

«እጁን ይቁረጠው» ይላሉ።

«አሜን፣ እማማ» ትላለች ትርንጎ።

አርባኛውን ግን ልጃቸው አዲስ ከሱቅ ገዝቶ ላከላቸው፤ የተከራይ እጅ አልነካውም። ትርንጎ ጓዳ ገብታ ማሸጊያውን ቀድዳ አመጣችላቸው። እየሳቁ ገለጡት።

«ገዳይዋ ምራትየዋ ናት» ይላል፣ በእርሳስ።

«መድኃኒትዎ ደርሷል፣ እማማ» አለች ትርንጎ፣ ማንኪያውን ወደ አፋቸው እያስጠጋች።