የሚያረገርገው ፍራሽ

የሚጥል በሽታ እንዳለበት ከሠርጉ በፊትም ሆነ በኋላ ለሙሽራዋ አልነገራትም። የሚነሣበት እንቅልፍ ላይ ነው፤ ድሮ እናቱ ክብሪት ጭራ አፍንጫው ሥር እየያዘች ታነቃው ነበር። ፍራሽ ቤት እንደገቡ ታዲያ፣ «አንዱ ሲገላበጥ ሌላውን የማይነቀንቅ ስፕሪንግ አለህ?» ብሎ ጠየቀ።

«ይኸውላችሁ!» አለ ሻጩ። «እህቴ፣ አጠገብሽ ዝሆን ቢገላበጥ አይሰማሽም። አብሯችሁ ያረጃል።»

ሙሽራዋ ጫማዋን አውልቃ ተጋደመች። «እስቲ ጎኔ ተገላበጥ» አለችው ባሏን። ተገላበጠ።

«ይሄን አልፈልግም።»

ተነሥታ አጠገቡ ወዳለ የሚያረገርግ ፍራሽ ሄደች። እዚያ ሲገላበጥ አብራው ተነቃነቀች።

«ይሄ ይሁን።»

«እንቅልፍ ይነሣሻል እኮ!» አላት ባሏ።

ከቦርሳዋ ክብሪት አውጥታ ራስጌው ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ክብሪቱን በዳበሳ ፈለገች።