ሽቦው የተነቀለ ቁልፍ

የአዛውንቱን የኦሬስቴን አንደበት ስትሮክ ሲዘጋው፣ ልጃቸው ሲልቫኖ የቁጥር ቁልፎችን ከትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ጋር በሽቦ አገናኘላቸው። ፎቅ ላይ ተኝተው ቁጥር አንድን ሲጫኑ፣ ታች ወጥ ቤት ያለው ስክሪን እየጮኸ «ውሃ» ይላል፤ ሁለትን ሲጫኑ «አመመኝ»።

ሽማግሌው ሌት ተቀን ይጫኑ ጀመር። የሲልቫኖ ሚስት ዋንዳ ተማረረች።

«ንቀልልኝ ይሄን ሽቦ! እሳቸው እንደሆነ አያውቁም፤ ሲጫኑ ይዋሉ።»

ሲልቫኖ እየሳቀ ነቀለው።

በማግስቱ ባልና ሚስቱ ወጥ ቤት ፖሌንታቸውን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ እየበሉ ሳለ ስክሪኑ ጮኸ፤ «ውሃ»። ሽቦው ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ሲልቫኖ ወደ ፎቅ ሮጠ። አባቱ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ ጣታቸው ቁልፉ ላይ እንዳለ ደርቀዋል። ሰውነታቸው በረዶ ሆኗል።

«ሲልቫኖ!» አለች ዋንዳ ከታች። «ምን እየነካካህ ነው? አሁን ደግሞ ‹አመመኝ› ይላል!»