የአማቱ መርከብ

የውጭ አገር አበዳሪዎች የከሰረ ድርጅቱን መርከቦች በየወደቡ ማስያዝ ሲጀምሩ ባለሀብቱ አልደነገጠም። ጅቡቲ የቆመችውን የመጨረሻዋን መርከብ ቀደም ብሎ በአማቱ በወይዘሮ ተዋበች ስም አዙሯታል። መርከብ ቀርቶ ታንኳ ላይ ወጥተው የማያውቁትን አሮጊት ማን ይጠረጥራል?

ችግሩ፣ አበዳሪዎቹ ፍርድ ቤት አስጠርተው መርከቧ የእሳቸው መሆኗን በመሐላ እንዲያረጋግጡ ቢጠይቁ፣ ወይዘሮ ተዋበች በሐሰት አይምሉም። «የእውነት የኔ ካልሆነች ዳኛ ፊት እጄን አላነሳም» ብለው ድርቅ አሉ። ቢጨንቀው ጉልበታቸውን ስሞ፣ «እማማ፣ ከልቤ ሰጥቼዎታለሁ» አላቸው። እሳቸውም ማሉ፤ የአበዳሪዎቹ ጠበቆችም ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደመጡበት ተመለሱ።

ባለሀብቱ መርከቧን የሚመልስለትን ውል አስረቅቆ ሊያስፈርማቸው ቢሄድ፣ «መጀመሪያ ቁልቢ ገብርኤል አድርሰኝ፤ ስለት አለብኝ» አሉት። ምን ገዶት! ለስለቱ ይሆናል ብሎ ትልቅ ጥላ ገዛ፤ ውሉን ኪሱ ከቶ ራሱ እየነዳ ወሰዳቸው።

በበዓሉ ቀን ስለት የሚያስነግሩት መሪጌታ ድምፅ ማጉያውን ይዘው፣ «ከአንድ አባት ሁለት ሰንጋ! ከአንዲት እኅት የወርቅ ሐብል! ከእናታችን ከወይዘሮ ተዋበች...» አሉና ወረቀቱን ደግመው አዩት። «አንድ መርከብ!»

ሕዝቡ በእልልታ ቀለጠ። ወይዘሮ ተዋበች እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ ጥላውን እንደያዘ ደርቆ የቀረውን አማቻቸውን ጎሸም አደረጉት።

«እልል በል እንጂ ልጄ! ካበዳሪዎችህ እንዲያስጥልህ ላንተው ብዬ እኮ ነው የተሳልኩት!»