ያለ ተራው የተከፈተ ውሃ

አቦይ ገብረሃንስ ውሃውን ያለ ተራው የሚከፍቱት ለምንድን ነው?

የውሃ ከፋቹ ደብተሮች በማከፋፈያው ክፍል ከፊቴ ተደርድረዋል። የአሥራ አንድ ዓመት የውሃ ፈረቃ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል፤ የትኛው ሰፈር መቼ ተከፈተ፣ መቼ ተዘጋ። ሁሉንም ኮምፒውተር ውስጥ አስገባሁት። ያለ ተራ የተከፈቱት ሁለት መቶ አሥራ አራቱ ግን ለየትኛውም ቀመር እምቢ አሉኝ። በገበያ ቀን ሞከርኩ፣ በጾም ሞከርኩ፣ በጨረቃ ሳይቀር ሞከርኩ። ሲሰለቸኝ ስህተት ናቸው ብዬ ሰረዝኳቸው። የቀረው ወዲያው አማረ።

ዛሬ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ፕሮግራሜ የከተማዋን ውሃ ይረከባል።

"ስምንት ዓመት ባሕር ማዶ ተምረሽ ቧንቧ ልትከፍቺ መጣሽ፣ ጓለይ፣ ልጄ?" ይላሉ አቦይ፣ ከዓይናለም ጉድጓዶች የሚመጣውን ትልቁን ቧንቧ በመዳፋቸው እየዳበሱ።

"የምከፍተው እኔ አይደለሁም። ማሽኑ ነው።"

"እሱስ የት ተማረ?"

መሳቅ ነበረብኝ። ደክሞኛል። ከተመለስኩ ወዲህ ቀመር ያላገኘሁለት ነገር ሁሉ የራሴ ስንፍና ይመስለኛል።

አንዱን ደብተር እንዲሁ እገልጣለሁ። ሰሜን ሰፈር፣ ግንቦት 9 ቀን 2003፣ ያለ ተራ። ግንቦት 10። ግንቦት 11።

ጣቴ እዚያው ይቀራል። ግንቦት 9 አባቴ የተቀበረበት ቀን ነው።

"አቦይ፣ ያኔ ሰሜን ምን ነበር?"

መነጽራቸውን አድርገው ያያሉ። "ለቅሶ። መምህር ፈንታሁን፣ የልጄ አስተማሪ። ድንኳን ሙሉ ሰው ያለ ውሃ ይዋል? ሴት ልጅ ነበረቻቸው አሉ፣ ውጭ አገር። አልመጣችም።"

የመመረቂያ ጽሑፌን ላቀርብ አንድ ሳምንት ቀርቶኝ ነበር። ይህን አልነግራቸውም።

"ሌሎቹስ?"

"ሁሉም ለቅሶ ነው። ጎረቤት ይደውላል፣ እከፍታለሁ።"

"ምክንያቱን ለምን አልጻፉትም?"

"መክፈቴን ጻፍኩ። ሬሳም ልቁጠር እንዴ?"

ለአሥር ሰባት ደቂቃ ይቀራል። የፕሮግራሙ ማስቆሚያ ዋናው ቢሮ፣ በአለቃዬ በኢንጂነር ይበልጣል እጅ ነው። እደውላለሁ፤ አያነሳም። እጽፋለሁ፦ "ፕሮግራሙ ዛሬ እንዳይጀመር። ስህተት አለበት። ስህተቱ የኔ ነው።" ተልኳል ይላል ስልኩ።

ወዲያው የአቦይ ስልክ ይጠራል።

"ዘሃራ? … መዓስ? ዛሬ? … ሕራይ፣ ሕራይ፣ እከፍታለሁ። አላህ ጽናቱን ይስጣችሁ።" ስልኩን ኪሳቸው ይከታሉ። "አማቷ አረፉ። ከመግሪብ ሶላት በፊት ይቀበራሉ፤ አስከሬን ማጠቢያ ውሃ ግን የላቸውም።"

እኔን ፈቃድ አይጠይቁም። መዘውሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ያዞሩታል። ውሃው ቧንቧው ውስጥ ሲንደረደር ይሰማኛል። ስልኬን አያለሁ። ምንም።

አሥር ሰዓት ሲሆን ፕሮግራሜ የሚያዘው ሞተር ያጉረመርማል። መዘውሩ ከእጃቸው ሥር በራሱ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይሳሳት። አቦይ ሊይዙት ይሞክራሉ፣ ከዚያ ይለቁታል። መዳፋቸውን ቧንቧው ላይ ያሳርፋሉ፣ ውስጡ ያለው ውሃ እስኪቆም ድረስ።

ለኢንጂነሩ የላክሁት መልእክት እስካሁን መልስ አላገኘም።