የእትዬ ዘርትሁን ድምፅ

ሙሽራው ወደ ዲጄው ጆሮ ጠጋ ብሎ «ያቺን የራስህን ሥራ ልቀቃትማ!» ሲለው ሳያመነታ ለቀቃት። ሰፈር ውስጥ ባለች ሙዚቃ ቤት ፍላሽ ላይ ዘፈን እየሞላ ያደገው ልጅ ስም ያገኘው በዚችው ሙዚቃ ነው፤ ታክሲው ሁሉ እሷን ከፍቶ ይከንፋል። ከምቱ ሥር የምታዜመዋ ሴት ማን እንደሆነች ግን ለማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ድንኳኑ በጭፈራ ሲናወጥ ቀና አለና ክው ብሎ ቀረ። ከሙሽራዋ ዘመዶች መሀል እትዬ ዘርትሁን ቆመዋል፤ የድሮ ሰፈሩ አልቃሽ። ጎረቤት ለቅሶ ላይ ሙሾ ሲያወርዱ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ደብቆ ድምፃቸውን የቀዳው፣ ኋላም ቆራርጦ ለጭፈራ ያዋለው እሱ ነው። ሰርግ መሀል ሙሾ ማስገባቱን አንዲት ቃል ቢተነፍሱ፣ ሰርገኞቹ ሟርተኛ ብለው ድንኳኑን እላዩ ላይ ያፈርሱበታል።

ሴትዮዋ ጨፋሪውን እየገፉ ወደ እሱ መጡ። ሙዚቃውን ሊያጠፋ እጁን ሰደደ።

«እትዬ፣ በማርያም! አጠፋዋለሁ... አሁኑኑ እሰርዘዋለሁ!»

እጁን ለቀም አደረጉት። በሌላ እጃቸው አንገታቸው ላይ የጠመጠሙትን ሻሽ ገለጥ ሲያደርጉ፣ ጉሮሯቸውን አቋርጦ ያለፈ የኦፕራሲዮን ጠባሳ ታየ። አፋቸውን ከጆሮው አስጠጉ፤ ከትንፋሽ በቀር የሚወጣ ድምፅ አልነበራቸውም።

«ልጄ» አሉት በዚያው ትንፋሽ፣ «እባክህ ከመጀመሪያው ድገማት።»